ወደቡ 91 ሚሊዮን ቶን ይችላል፤ ታዲያ ከሰሉ የት ቀረ?

ከደብረ ማርቆስ የጂኦግራፊ መምህር የሆኑ አንድ አንባቢ የላኩት ጥያቄ ይህ ነው፦ «ስለ ማዕድን ንግድ ሳስተምር የደቡብ አፍሪካው የሪቻርድስ ቤይ የድንጋይ ከሰል ተርሚናል በዓመት 91 ሚሊዮን ቶን የመጫን አቅም እንዳለው ለተማሪዎቼ ነገርኋቸው። በማግሥቱ አንዱ ተማሪ በ2023 የተጫነው 47 ሚሊዮን ቶን ብቻ መሆኑን አንብቦ መጣና ‹ታዲያ ወደቡን ለምን አሰፉት?› አለኝ። መልስ አጣሁ። አገሮች ለከሰል ወጪ ንግድ አቅም ሲገነቡ የሚያስቀድሙት ሐዲዱን ነው ወይስ ወደቡን? እኛስ አገር ውስጥ ያለንን የድንጋይ ከሰል በጎጃም በኩል በሚዘረጋ ሐዲድ ወደ ውጭ ብንልክ አያዋጣንም?»

የተከበሩ መምህር፣ ተማሪዎን በርታ ይበሉልኝ፤ ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) 91 ሚሊዮን ቶን ማለት ባቡሩ ሳያቋርጥ ቢገባለት፣ መርከቡም ሳይዘገይ ቢቀርብለት ተርሚናሉ በዓመት ሊቀበልና ሊጭን የሚችለው መጠን ነው። በ2023 የተጫነው 47.2 ሚሊዮን ቶን ደግሞ ከማዕድኑ አፍ ተነሥቶ መርከብ ላይ እስኪወጣ ድረስ ባለው ረጅም መንገድ ላይ ከሁሉ የጠበበው ቦታ ያሳለፈው መጠን ነው። በጭነት ሥራ ላይ የኖርን ሰዎች «አቅም» የሚለውን ቃል ስንሰማ «የየትኛው?» ብለን የምንጠይቀው ስለዚህ ነው።

ወደ ሩቅ አገር ከመሄዴ በፊት ከቡሬ ልነሣ። ወጣት ሳለሁ በአንድ የእህል መጋዘን መዝጋቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። በቆሎ በሚገባበት ወር ጠዋት ጠዋት አሥርና አሥራ አምስት አይሱዙ በር ላይ ይሰለፋል። ሰልፉ ያስመረረው ባለቤት በጀርባ በኩል ሁለተኛ በር አስከፈተ፤ ጫኝና አውራጆቹንም ከአንድ ቡድን ወደ ሁለት አሳደጋቸው። ሰልፉ ግን እንደነበረ ቀጠለ፤ ምክንያቱም ሚዛኑ አንድ ነበረ፣ ሚዛኑ ላይ የሚቀመጠውም ሰው አንድ ነበረ። መኪናው ሲገባ ተመዝኖ፣ የእህሉ እርጥበት ታይቶ፣ ባዶውን ሲወጣ እንደገና ተመዝኖ ደረሰኙ እስኪጻፍ ድረስ ለአንድ መኪና በድምሩ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ይሄድ ነበር። ሰውየው ምሳ ሲወጣ ሁለቱም በሮች ወለል ብለው ተከፍተው፣ ሁለቱም የአውራጅ ቡድኖች በባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሾፌሮቹን ሲያጫውቱ ማየቱ ዛሬም ድረስ አይረሳኝም። በመጨረሻ ሰልፉን ያሳጠረው ሚዛን የሚችል ሁለተኛ ጸሐፊ መቀጠሩና መኪኖቹ በየቀበሌያቸው ተራ ተይዞላቸው እንዲመጡ መደረጉ ነው። ለሁለተኛው በር የወጣው ሲሚንቶ እዚያው ቀረ።

የከሰሉ ጉዞ ከዚያ መጋዘን የሚለየው በስፋቱ ነው። ወደ ሪቻርድስ ቤይ የሚወርደው ትልቁ ባቡር 200 ፉርጎ ይጎትታል፤ አንዱ ፉርጎ 84 ቶን ገደማ ስለሚይዝ ባቡሩ በአንድ ጊዜ 16,800 ቶን ይዞ ይመጣል። አንድ ተሳቢ 40 ቶን ይጭናል ብንል ይህ 420 ተሳቢ ማለት ነው። ባቡሩ ወደብ ሲደርስ የፉርጎው በር ተከፍቶ በአካፋ የሚራገፍ ነገር የለም፤ አንድ ግዙፍ ማሽን ፉርጎውን ከነከሰሉ አቅፎ ይገለብጠውና ከሰሉ ከሥር ወዳለው ጉድጓድ ይወርዳል። ከጉድጓዱ በኮንቬየር (በሚሽከረከር ረጅም ቀበቶ) ወደ ሜዳው ይጓዛል፤ ሜዳው ላይ በየዓይነቱ ተለይቶ እንደ ረጅም ጋራ ይከመራል። መርከብ ሲቀርብ ደግሞ ሌላ ማሽን ከክምሩ እየዛቀ ወደ መርከቡ ሆድ ይልከዋል። ትልልቆቹ የከሰል መርከቦች 150,000 ቶንና ከዚያ በላይ ስለሚይዙ አንዱን መርከብ ለመሙላት ዘጠኝ ወይም አሥር ባቡር ያስፈልጋል።

በዚህ ሁሉ መካከል ሰው የማያስተውለው ሜዳውን ነው። «ወደቡን አሰፋን» ሲባል ፎቶግራፍ የሚነሣው መርከቡ የሚቆምበት ግንብ ነው፤ ነገር ግን ባቡር የሚመጣው በየሰዓቱ በትንሽ በትንሹ፣ መርከብ የሚመጣው ደግሞ በየቀኑ በትልቁ ስለሆነ ሁለቱን የሚያስታርቃቸው ክምሩ ነው። የሪቻርድስ ቤይ ሜዳ እስከ 8.2 ሚሊዮን ቶን ይይዛል፤ ይህም ከዓመቱ አቅም አሥር እጅ አንድ እጅ ሊሆን ትንሽ የቀረው ነው። ይህን ያህል ሰፊ መሆን ያለበት ከሰል እንደ ጨው አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነው፤ አመዱ የበዛውም ያነሰውም፣ ሙቀቱ ከፍ ያለውም ዝቅ ያለውም የየራሱ ክምር ይፈልጋል፤ ገዢውም አንዳንድ ጊዜ ሁለቱን በልክ አደባልቁልኝ ይላል። ሜዳው ላይ እንደፈለጉ ማቆየትም አይቻልም። የድንጋይ ከሰል፣ በተለይ ገና ያልጠናው ዓይነት፣ አየር እየሳበ ከውስጡ ይግልና ማንም እሳት ሳይነካው በራሱ ይቀጣጠላል። እርጥብ ድርቆሽ ከምሮ ውስጡ ሲግል ያየ ገበሬ ነገሩን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

የባቡር መስመር አቅም የሚለካው በፍጥነት የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። እኛ የምንቆጥረው ምልልሱን ነው፤ ማለትም ባቡሩ ከማዕድኑ ተጭኖ፣ ወደብ ደርሶ፣ ተራግፎ፣ ባዶውን ተመልሶ እንደገና መጫኛው ሥር እስኪቆም የሚፈጀውን ጊዜ። 91 ሚሊዮን ቶንን ለ16,800 ቢያካፍሉት በዓመት ወደ 5,400 ባቡር፣ በቀን ደግሞ ወደ 15 ባቡር ይመጣል። ምልልሱ 48 ሰዓት ነው ብንል በቀን 15 ባቡር ለማስገባት 30 ባቡር፣ ማለትም 6,000 ፉርጎ ዘወትር ሥራ ላይ መሆን አለበት። ይህ ምልልስ በሆነ ምክንያት ወደ 72 ሰዓት ቢረዝም እነዚያው 30 ባቡሮች በቀን የሚያስገቡት 10 ብቻ ይሆናል። አንድ ፉርጎ አልጠፋም፣ አንድ ሜትር ሐዲድ አልተነቀለም፤ የመስመሩ ሲሶ ግን ሄዷል። ይህን ስሌት ክፍል ውስጥ በሰሌዳ ላይ ቢሠሩት የተማሪዎ ጥያቄ ግማሹ ይመለሳል ብዬ አስባለሁ።

ሌላውን ግማሽ የሚመልሰው የመስመሩ ታሪክ ነው። ወደቡና መስመሩ ሥራ የጀመሩት በ1976 ነው። ሐዲዱ ስፋቱ 1,067 ሚሊሜትር የሆነ ጠባብ ሐዲድ ቢሆንም (ጠባብ ሐዲድ ከባድ ጭነት አይችልም የሚለው ወሬ ስሕተት መሆኑን ይህ መስመር ብቻውን ያስረዳል) የተጫነው ባቡር በሚሄድበት አቅጣጫ ዳገቱ በ160 ሜትር ጉዞ ከ1 ሜትር እንዳይበልጥ ተደርጎ ተስተካክሏል። ተርሚናሉ የላኪ ድርጅቶቹ የጋራ ንብረት ነው፤ ሐዲዱና ሎኮሞቲቩ (ባቡሩን የሚጎትተው ሞተር) ግን የመንግሥት ናቸው። ላኪዎቹ በራሳቸው ገንዘብ፣ በራሳቸው ሂሳብ ተርሚናሉን በ2010 ወደ 91 ሚሊዮን አሳደጉት፤ ሐዲዱ ይከተላል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። በጥሩው ዘመን እንኳ፣ በ2017፣ የተጫነው ከ76 ሚሊዮን ቶን ትንሽ በለጥ ያለ ነው፤ የእስከ ዛሬው ከፍተኛ መጠንም እርሱ ነው። ከዚያ በኋላ የመዳብ ሽቦ ሌቦች የኤሌክትሪክ መስመሩን ይቆርጡት ጀመር፤ ሎኮሞቲቮችም ከአቅራቢው ጋር በተነሣ የውል ክርክር መለዋወጫ አጥተው ቆሙ፤ ጥገናም ወደ ኋላ ቀረ። መጠኑ በ2021 ወደ 58.7፣ በ2022 ወደ 50.3፣ በ2023 ወደ 47.2 ሚሊዮን ቶን ወረደ፤ በ2024 ትንሽ አንሰራርቶ 52 ሚሊዮን ገባ።

በጣም የሚያስቆጨው የ2022 ነገር ነው። በዚያ ዓመት የዩክሬን ጦርነት ገበያውን ስላናወጠው ለገበያው መለኪያ የሆነው የአውስትራሊያው የኒውካስል ከሰል ዋጋ በቶን ከ400 ዶላር በላይ ወጣ። ደቡብ አፍሪካ ከሰሉም ነበራት፣ ወደቡም ያልተሠራበት አቅም ነበረው፣ አውሮፓም ለመግዛት ተሰልፎ ነበር፤ ባቡሩ ግን አላደረሰም። ላኪዎቹ ወደ ተሳቢ ዞሩ፤ ከሰል የጫኑ መኪኖች ወደ ሪቻርድስ ቤይና ወደ ሞዛምቢኩ የማፑቶ ወደብ ጎርፈው መንገዱን አጣበቡት፣ አስፋልቱንም ፈጁት። ስለዚህ ለተማሪዎ «ለምን አሰፉት?» መልሱ ይህ ነው፦ ያሰፋው አንዱ ወገን ነው፤ ያልተከተለው ደግሞ ሌላው ወገን ነው፤ ሁለቱን በአንድ ውል ያሰረ ሰው አልነበረም።

እንዲህ ያለው ውል እንዴት እንደሚሠራ የታየው በኒውካስል ነው። በዓለም ትልቁ የከሰል መላኪያ ወደብ ይህ ነው፤ ከጀርባው ያለው የሃንተር ሸለቆ በርካታ ማዕድን ማውጫዎች አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። በ2007 ከወደቡ ውጭ ተራ የሚጠብቁ መርከቦች ከ50 አልፈው ነበር። ጁን 8 (ሰኔ 1) ቀን ማዕበል ተነሣና ፓሻ ባልከር የተባለችውን ተራ ጠባቂ መርከብ ከከተማው ዳርቻ አሸዋ ላይ ጣላት፤ 225 ሜትር የምትረዝም መርከብ ሰው በሚዋኝበት ባሕር ዳር ከሦስት ሳምንት በላይ ተቀምጣ ቆየች። ያ ሁሉ ሰልፍ የመጣው ከመጫኛ ማሽን ማነስ ብቻ አልነበረም። መርከብ የሚስተናገደው በመጣበት ተራ ስለነበር እያንዳንዱ ላኪ ከሰሉ ሜዳው ላይ ሳይደርስ መርከቡን ቀድሞ ይልክና ቦታ ያስይዝ ነበር፤ ሁሉም ቦታ ሲይዝ ሁሉም ይጠብቃል፤ ለሚቆመው መርከብም በየቀኑ ዲመሬጅ፣ ማለትም የመዘግየት ክፍያ፣ ይከፈላል። ዲመሬጅ ምን እንደሚያደርግ ጅቡቲ ላይ ዕቃ የቆመበት ነጋዴ ይንገርዎ።

መፍትሔው ሁለት ክንፍ ነበረው። አንደኛው በ2009 የቆመው የረጅም ጊዜ የውል ሥርዓት ነው፤ ላኪው ከሐዲዱም ከተርሚናሉም ጋር ተመሳሳይ መጠን ለዓመታት ይዋዋላል፣ የተዋዋለውን ባይጭን እንኳ ይከፍላል። ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ናት፤ በዚህ ዓይነት ውል ያልታሰረ ሰው «በዓመት 20 ሚሊዮን ቶን እልካለሁ» ቢል ምኞቱን ነግሮዎታል እንጂ ጭነት አልሰጠዎትም። ሁለተኛው፣ የማዕድኑን፣ የባቡሩን፣ የተርሚናሉንና የሐዲዱን ዕቅድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያይ አስተባባሪ አካል መቋቋሙ ነው፤ የአንዱ ጥገና ቀን ከሌላው ጥገና ቀን ጋር እንዲገጥም ማድረግ ብቻውን ስንት ባቡር እንደሚያተርፍ የሚያምን ጥቂት ሰው ነው። ከዚህ ጋር አዲስ ሦስተኛ ተርሚናል ተሠርቶ በ2010 ሥራ ጀመረ። አራተኛው ተርሚናል ደግሞ በ2015 ፈቃድ ካገኘ በኋላ ጭነቱን በውል የሚያስር ሰው ስላልተገኘ በ2018 ተሰረዘ። እኔ ከሁሉም በላይ የማደንቀው ያልተሠራውን ይህን ተርሚናል ነው፤ በብዙ አገር እኮ ፈቃድ ከተገኘ የመሠረት ድንጋይ ሳይቀመጥ አይታደርም።

ሌላ መስመር ሳይዘረጉ አቅም ማሳደግም ይቻላል። የቻይናው የዳቶንግ–ቺንሁዋንግዳዎ መስመር 653 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከሰሉ ቺንሁዋንግዳዎ ደርሶ በመርከብ የሚጓዘው ወደዚያችው አገር ደቡብ ስለሆነ ወጪ ንግድ አይባልም፤ ሥራው ግን ያው ነው። ሲነደፍ የታሰበለት 100 ሚሊዮን ቶን ነበር፤ በ2010 400 ሚሊዮን አለፈ። አራት እጥፍ ያደገው ባቡሩን በማስረዘም፣ የፉርጎውን ጭነት በማክበድ፣ በባቡርና በባቡር መካከል ያለውን ርቀት በምልክት ሥርዓት በማጥበብና 20,000 ቶን የሚይዝ ባቡር በማስኬድ ነው። ባቡሩ ከረዘመ ግን ጎን መቆሚያው፣ መጫኛውና ማራገፊያው ሁሉ አብረው መርዘም አለባቸው፤ በነጠላ ሐዲድ ላይ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ባቡር ልከው 1 ኪሎ ሜትር መቆሚያ ላይ ከሌላው ጋር ላሳልፈው ቢሉ አይሆንም።

«ሐዲዱን ነው ወደቡን የሚያስቀድሙት?» ለሚለው ጥያቄዎ በቅደም ተከተል መልስ ከሰጠሁ አሳስትዎታለሁ፤ የሞዛምቢክን ነገር ልንገርዎ። በሞአቲዜ አካባቢ እጅግ ብዙ ከሰል አለ። ሪዮ ቲንቶ የተባለው ኩባንያ በ2011 ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ከፍሎ እዚያ ያለ ማዕድን ገዛ። የነበረው መንገድ ከእርስ በርስ ጦርነት በኋላ የተጠገነው፣ ወደ ቤይራ የሚወርደው የሴና ሐዲድ ብቻ ነበር፤ እርሱ በዚያን ጊዜ የሚያሳልፈው ለሁሉም ተጋሪዎች በዓመት ጥቂት ሚሊዮን ቶን ነው፤ የቤይራ ወደብም ጥልቀት የለውም። የኩባንያው ሐሳብ ከሰሉን በዛምቤዚ ወንዝ በጀልባ ማውረድ ነበር፤ መንግሥት ይህን አልፈቀደም። በ2013 መጀመሪያ ኩባንያው ከዋጋው ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ከመዝገቡ ሰረዘ፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚውም ተሰናበቱ፤ በ2014 ማዕድኑ በ50 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከሰሉ ከመሬት ሥር አልተነቃነቀም፤ የጠፋው የመውጫው ዋጋ ነው።

ጎረቤቱ የብራዚሉ ቫሌ በሌላ መንገድ ሄደ። ማዕድኑን፣ በማላዊ በኩል አልፎ እስከ ናካላ ወደብ የሚደርሰውን 912 ኪሎ ሜትር ሐዲድና ጥልቅ ባሕር ላይ ያለውን ተርሚናል እንደ አንድ ሥራ ይዞ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሰበት፤ መስመሩም በዓመት 18 ሚሊዮን ቶን ከሰል እንዲያሳልፍ ታስቦ ተሠራ። ባቡሩ ሄደ፣ መርከቡም ተጫነ፤ ሆኖም በ2022 ቫሌ ሁሉንም በ270 ሚሊዮን ዶላር ሸጦ ወጣ። እንግዲህ ሰንሰለቱ በምህንድስና ቢሟላ እንኳ የከሰሉ ዋጋ ሲወርድና ኩባንያው ራሱ ከከሰል ለመውጣት ሲወስን፣ ሐዲዱን ነቅሎ ሌላ ቦታ መውሰድ አይቻልም። መርከብ ይሸጣል፣ ሎኮሞቲቭ ይከራያል፣ ሐዲድ ግን ከተዘረጋበት መሬት ጋር የተጋባ ነው።

ወደብ ቀድሞ ሐዲድ የቀረበት ምሳሌ ደግሞ ከጎረቤታችን አለ። የጅቡቲው የታጁራ ወደብ በ2017 የተመረቀው በዋነኛነት ከኢትዮጵያ ለሚወጣ ፖታሽ (ለማዳበሪያ የሚሆን ማዕድን) ታስቦ ነው፤ ከሰሜን ኢትዮጵያ በኩል ይደርስለታል የተባለው ሐዲድ ግን አልደረሰም። የአዋሽ–ወልዲያ 392 ኪሎ ሜትር መስመር ግንባታው በ2015 ተጀምሮ ብዙው ሥራ ቢሠራም ባቡር የሚመላለስበት አልሆነም። ስለዚህ የእኔ መልስ፣ የሚቀድመው የሚከፍለው ሰው ፊርማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሐዲዱና ወደቡ በአንድ ቀን ሥራ እንዲጀምሩ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ይታቀዳል፤ ከሁለቱ ረጅም ጊዜ የሚፈጀው ብዙውን ጊዜ ሐዲዱ ስለሆነ አካፋው መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። በመጀመሪያ ደረጃ በጎጃም «ከሰል» ሲባል ሰው ልብ ውስጥ የሚመጣው የእንጨቱ ነው። በአዊ፣ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተክሎ፣ አክስሎ፣ በአዲስ ቅዳም መንገድ ዳር የቆመው ጆንያ ተራራ ያህል ሆኖ ታይቷል፤ ያም በመኪና አባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል። እርሱ ቀላል ስለሆነ መኪናው ክብደቱ ሳይሞላ ቁመቱ ይሞላል። የድንጋይ ከሰል ግን በተቃራኒው ነው፤ ክብደቱ ቀድሞ ስለሚሞላ አክሰሉንና አስፋልቱን ይፈትናል።

የአገራችን የታወቁ የድንጋይ ከሰል ቦታዎች ያዩ፣ ደልቢና ሞዬ፣ ሙሽ ሸለቆ፣ ውጫሌና ጭልጋ ናቸው። ካርታውን ቢዘረጉት ያዩና ደልቢ በደቡብ ምዕራብ፣ ሙሽ በሰሜን ሸዋ፣ ውጫሌ በወሎ ስለሆኑ አንዳቸውም ወደ ባሕር ለመሄድ አባይን ተሻግረው ጎጃም የሚገቡበት ምክንያት የለም። ከእነዚህ ሁሉ በባሕር ዳርና በወረታ በኩል ሊታሰብ የሚችለው የጭልጋው ብቻ ነው። ጥራቱም አለ፦ ከሰላችን በአብዛኛው ገና ያልጠና፣ እርጥበትና አመድ የሚበዛው ነው፤ የኒውካስል የዋጋ መለኪያ ግን በኪሎ 6,000 ኪሎ ካሎሪ የሚሰጥ ከሰል ነው። አመድና ውኃ 1,000 ኪሎ ሜትር አጓጉዞ የሚገዛ ደንበኛ አይገኝም። ከዚህም ሌላ የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ለዓመታት ከሰል ያስመጡ የነበሩት ከዚያችው ከደቡብ አፍሪካ ነው፤ በውጭ ምንዛሪ ስናስገባ የኖርነውን እኛው ለመላክ ሐዲድ እንዘርጋ ማለት የወንዙን ውኃ በእንስራ ወደ ምንጩ እንደ መመለስ ነው። ያለን ከሰል ታጥቦና ተለይቶ እዚሁ ፋብሪካ ቢገባ የሚያድነው ገንዘብ በመላክ ከሚገኘው ይበልጣል።

ሐዲዱን በተመለከተ ደግሞ የደጀን ሰው የሚያውቀውን ልንገርዎ። ከደጀን አፋፍ እስከ አባይ ድልድይ ያለው ዝቅታ 1,400 ሜትር ገደማ ነው፤ ከድልድዩ እስከ ጎሃ ጽዮንም የዚያኑ ያህል ይወጣል። መኪናው ይህን ሁሉ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨርሰዋል። የሪቻርድስ ቤይን ዳገት (በ160 ሜትር 1 ሜትር) እንጠብቅ ቢባል መውረጃው ብቻ 224 ኪሎ ሜትር፣ ከመውጫው ጋር 448 ኪሎ ሜትር መጠማዘዝ ይኖርበታል። በ100 ሜትር 1 ሜትር ብንፈቅድ እንኳ 280 ኪሎ ሜትር ነው። ያለዚያ ዋሻና ረጃጅም ድልድይ ነው፤ የዚያ ወጪ በቶን መቶ ዶላር በሚሸጥ ጭነት አይመለስም። በ2008 የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ የድሮውን ድልድይ ጭንቀት አቀለለ እንጂ የሸለቆውን ጉዞ አላሳጠረም፤ ጠባቡ ቦታ ድልድዩ ሳይሆን ዳገቱ ነበርና። አንድ ተሳቢ ጎማው ፈንድቶ ኩርባ ላይ ሲቆም ከኋላው የሚሰለፈውን ያየ ሰው የሪቻርድስ ቤይን ታሪክ ግማሹን አይቷል።

በብሔራዊ የባቡር ኔትወርክ ዕቅድ ውስጥ ለጎጃም የታሰበው መስመር ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳርና በወረታ ወደ ወልዲያ የሚሻገረው መሆኑም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል፤ የአባይን ሸለቆ ይሸሸዋል፣ ምንም እንኳ የደብረ ታቦርን ከፍታ መውጣት ባይቀርለትም። ያ መስመር አንድ ቀን ቢሠራ የሚያዋጣው ግን በከሰል አይደለም። የከሰል ባቡር ሲመለስ ባዶውን ነው። ለጎጃም ያለው ጭነት ሁለት አቅጣጫ አለው፦ ወደ ላይ በየዓመቱ በገፍ የሚገባው ማዳበሪያ፣ ወደ ታች በቆሎውና ስንዴው። ሲሄድም ሲመጣም የሚጫን ፉርጎ ለአንዱ ቶን የሚያስከፍለው በግማሽ ሊጠጋ ይችላል፤ የሚያስቸግረው ማዳበሪያው የሚመጣበት ወርና እህሉ የሚወጣበት ወር የተለያዩ መሆናቸው ነው፤ ስለዚህ እንደገና ሜዳና መጋዘን፣ እንደገና ሚዛን ይመጣል።

በመጠን ለመገመት ያህል፣ አንድ ባቡር 2,500 ቶን ይይዛል ብንል በዓመት 1 ሚሊዮን ቶን ለማንሣት 400 ባቡር፣ ማለትም በቀን ከአንድ ትንሽ ከፍ ያለ ያስፈልጋል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በወልዲያ በኩል አዋሽ ሲወርድ፣ ከአዳማ ወዲያ ነጠላ በሆነው የአዲስ–ጅቡቲ ሐዲድ ላይ ከኮንቴይነሩና ከተሳፋሪው ጋር ተራ ይጋራል፤ ሄዶም መመለስ አለበት።

ለተማሪዎ የቤት ሥራ መስጠት ከፈለጉ አንድ ሐሳብ አለኝ። መንገዱ በሚያመችበት ቀን ደጀን ላይ ሆነው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ወደ ሸለቆው የሚወርዱትን ተሳቢዎች በየሩብ ሰዓቱ ይቁጠሩ፤ ጎን ለጎንም በእያንዳንዱ ሩብ ሰዓት ውስጥ ሰልፉ ስንት ጊዜና ለምን እንደቆመ ይጻፉ። ብዙ መኪና ያለፈበትን ሩብ ሰዓት በአሥራ ስድስት ሲያባዙት የሚወጣው ቁጥርና በእርግጥ ያለፈው ድምር አይገጥሙም። ልዩነቱን ይላኩልኝ፤ እንደ 91 እና እንደ 47 አጠገብ ላጠገብ አስቀምጬ ላየው እፈልጋለሁ።